ደረቁ ጭምብል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ቀኑን ሙሉ ዝናብ። የመድረክ ካልሲዎቼ አልደርቅ አሉ። ቁርስ ላይ አባዬ እንደ ዋዛ፣ «በዘንድሮው የጭምብል ተውኔት እናትየዋን አንቺ ትጫወቻለሽ» አለኝ። እኔ! ሃያ ሁለት ዓመት ከመድረክ ጀርባ የሰው ልብስ ሳጥፍ የኖርኩት። የአክስቴ ልጅ ኬንጎ ፊቱ ጠቆረ። ይጥቆር።

አርብ፣ ጥቅምት 7
ከአያቶቻችን የወረስነውን ጭምብል አጥልቄ የመጀመሪያው ልምምድ። እናትየዋ የሰጠመውን ልጇን መቀነት ከጀልባ ቀዛፊው የምትቀበልበት ቦታ ስደርስ... እማዬ ትዝ አለችኝ። የዛሬ ዓመት ነው ያረፈችው። ጭምብሉ ውስጥ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ደስም አለኝ። እውነተኛ እንባ! ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?
አባዬ ጭምብሉን ተቀብሎ ውስጡን በጣቱ ዳሰሰ።
«ይሄ ምንድን ነው?»
«እንባ ነው፣ አባዬ።»
«ለእንጨቱ ነው ያለቀስሽለት? ሰው ያየው ትከሻሽን ነው። ዝናብ የመታው ዶሮ መስለሽ! ዳግመኛ ካረጠብሽው ቦታው የኬንጎ ነው።»
ኬንጎ ሳቀ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16
ቀኝ እጅን ማንሳት። ጣቶችን መግጠም። ዓይን ፊት ማድረስ፣ ሳይነኩ። አንገት ጥቂት ዝቅ። መመለስ። ለቅሶው በሙሉ ይኸው ነው። አባዬ መቶ ጊዜ አስደገመኝ።
ለእማዬ ይሄ ይበቃል? አባዬስ በቀብሯ ቀን ለምን አላለቀሰም?
ከበሮ መቺው ጋሽ ቶሞዞ ሻዩን ፉት እያለ፣ «ያፈሰሰማ ተገላገለ። ሰውን የሚያስለቅሰው እንባውን የያዘው ነው» አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22
ትርኢቱ ነገ ነው። ሩዙ አልወርድ አለኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23
ሆነልኝ!
መቀነቱን ተቀበልኩ። እጄን አነሳሁ፣ አንገቴን ዝቅ አደረግኩ። ከአዳራሹ አፍንጫ የመጥረግ ድምፅ... አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ። እኔ አላለቀስኩም። እማዬን እስከ መጨረሻው ያዝኳት።
ጥግ ላይ ተቀምጠው ከሚያዜሙት ስምንት ሰዎች መሪው አባዬ ነው። በአርባ ዓመት አንድ ቃል ስቶ አያውቅም። እጄ ከፍ ሲል ድምፁ ጠፋ። ዜማውን ሰባቱ ይዘውት ሄዱ።
ስንጨርስ ጭምብሉን ሰጠሁት። ውስጡን ዳሰሰ። ደረቅ።
«አንድ ስንኝ ዘለልክ» አልኩት።
«ጉንፋን ነው... እናትሽ ብታይሽ...» ቀኝ እጁን አነሳ። ዓይኑን ነካ።
«መንካት ክልክል ነው፣ አባዬ!»
እሱ ሳቀ፣ እያለቀሰ። ኬንጎ አልሳቀም። ልብሴን እያጠፈ ነበር።