ከራስ በላይ የተቀመጠው ጠርሙስ

ባሕር ዳር፣ ሰኔ 21 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለልጄ ለመምህርት እናትዓለም ሀብተ ሥላሴ
ጉባ

ልጄ ሆይ፣ የቆላው ንዳድ እንዴት ይዞሻል? ወባውስ አላገኘሽም ወይ? እናትሽ ደኅና ናት፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው የጎዳት። ሰላምታዬን እዚህ ላይ ልግታው፤ ተቆጥቻለሁና ቁጣዬን ሳልናገር ሌላ ቃል አይወጣልኝም።

ስትዛወሪ «ለሥራ ተፈልጌ ነው» አልሽኝ። እኔም አምኜ መርቄ ሸኘሁሽ። ተማሪሽ አደይ በአሲድ መቃጠሏን ሰምቼ ነበር፤ ነገሩ በአንቺ መላከኩን ግን አላወቅሁም። የባዮሎጂዋ መምህርት የብርጓል ሰኔ መግቢያ ላይ ቤታችን መጥታ እያለቀሰች አወጣችው። ለካ በመምህራኑ ስብሰባ ተነሥተሽ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቸልተኛ ነበርሁ» ብለሻል! በየትኛው አፍሽ አልሽው?

የኬሚካሉ ዕቃ ቤት በአንቺ እጅ ሳለ አሲዱ ከታች፣ ወለሉ አጠገብ ነበር አሉ። ቢወድቅ እግር ሥር ይወድቃል እንጂ ፊት ላይ አይፈስም ስትዪ ነበር። እሳት የሚወደውን አልኮል ለብቻው ቆልፈሽ፣ ቁልፉን ከአንገትሽ አታወርጂም ነበር። ርእሰ መምህሩ ጓድ አዘዘ ለሠራተኞች ቀን መፈክር የሚጻፍበት ቀለምና ጨርቅ ማኖሪያ ቢያጣ ቁልፍሽን ቀማሽ። ታችኛውን መደርደሪያ ለቀለሙ አስለቅቆ አሲዱን ከጣሪያው ሥር አስደረደረው። «ጓድ፣ ይህ ሰው ያጠፋል» ብትዪው «አብዮቱን ጠርሙስ አይከለክለውም» አለሽ።

በማግስቱ አደይን «ቀዩን ጨርቅ አምጪ» ብሎ ቁልፉን ሰጥቶ ላካት። ጨርቁ ከላይ፣ ከጠርሙሶቹ ጀርባ ተጠቅልሎ ነበር። ልጅቱ ወንበር ላይ ቆማ ጫፉን ብትስበው ጠርሙሱ አብሮ መጣ። ከትከሻዋ እስከ ክርኗ ወረደባት። የልጅቱን ጩኸት ሰምታ የብርጓል ስትደርስ ቧንቧው ደርቋል። ጣናን የሚያህል ባሕር ከአጥሩ ማዶ ተኝቶ የአንዲት ልጅ ክንድ የሚያጥብ ውሃ ጠፋ! ከዘበኛው ቤት በእንስራ እስኪመጣ ድረስ ሥጋዋ ሲበላ ቆየ።

ይህን ሁሉ እያወቅሽ ለምን አመንሽ? የብርጓልን ጠየቅኋት።

«በእርስዎ አስፈራሯት፣ መሪጌታ» አለችኝ። «አባትሽ ሕፃናት ሰብስቦ ዳዊት ያስደግማል፤ ፀረ አብዮት ነው የሚል ጥቆማ አለን። ጥፋቱን ካመንሽ ጥቆማው ይቀራል አሏት።»

እኔን ልትጋርጂኝ ነው? ማን ለመነሽ? «በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ በባልንጀራ ላይ ብቻ ነው ብሎ ማን አስተማረሽ? በራስ ላይ የመሰከሩትም ሐሰት ነው! ያቺ ልጅ ቁስሏ ሳይሽር፣ የቀሩት ጠርሙሶች እዚያው ከራስ በላይ ተቀምጠው ሌላ ልጅ ይጠብቁ ነበር። ጥፋቱን አንቺ ከወሰድሽው እነሱን ማን ያወርዳቸዋል?

የአደይ አባት አንዳርጋቸው የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ግሽ አባይ ቀበሌ ነው ቤታቸው። ማመንሽን ሰምቶ ስምሽን እየጠራ ሲረግምሽ ከርሟል። ሄድሁ። በር ላይ «እርስዎን አላስገባም» አለኝ። ልጅቱ ከውስጥ ሰምታን ኖሮ፦

«አባባ፣ ቲቸር እኮ ያን በር እንዳትከፍቱ ብላናለች» አለች። «ቁልፉን የሰጠኝ ዲሬክተሩ ነው።»

«እስካሁን ለምን አልተናገርሽም?» አላት።

«የጠየቀኝ የለም።»

አንዳርጋቸው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ከዚያ «ይግቡ» አለኝ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ጓድ አዘዘ ከሊቀ መንበሩ ጎን ተቀምጧል። እጄን አወጣሁ።

«ጥያቄ አለኝ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ አሲድ።»

ሰው ሳቀ። «ካህን ስለ አሲድ ምን ያውቃል?» አለ ጓድ አዘዘ።

«ምንም አላውቅም» አልሁት። «የምታውቀውንማ ቆላ ሰደዳችኋት።»

ሳቁ ቆመ። አንዳርጋቸው ተነሥቶ የልጁን ቃል አንድ ሳያስቀር ተናገረ። እዚያ ትምህርት ቤት ልጅ ያላቸው እናቶች ተራ በተራ ተነሡ፤ ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን ቢመታም የሚሰማው ጠፋ። ያን ሰሞን ሰዎች ከበላይ መጥተው ዕቃ ቤቱን አዩት አሉ። አሲዱ ወርዷል፤ ቀለሙ ወጥቷል፤ በሩ አጠገብ ውሃ የሞላ በርሜል ቆሟል፤ ቁልፉም የብርጓል ዘንድ ነው። አዘዘ ግን ዛሬም ወንበሩ ላይ ነው! አንቺም ዛሬም ቆላ ነሽ! ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል።

ይህን የምጽፍልሽ የት ሆኜ እንደሆነ ልደብቅሽ አስቤ ነበር። ደበቅሽኝ ብዬ ይህን ያህል ከተቆጣሁ በኋላ ግን በምን ፊቴ እደብቅሻለሁ? ከስብሰባው ጀምሮ የቀበሌው እስር ቤት ነኝ። «ለማጣራት ነው» ይላሉ። አልመቱኝም። እናትሽ ምሳ ታመጣልኛለች፤ ደብዳቤውንም በሳህኑ ጨርቅ ጠቅልላ የምታወጣው እሷ ናት። እንዳትመጪ! ብትመጪ ደግሞ እኔን ለማስፈታት ሌላ ሐሰት ያስፈርሙሻል፤ አንቺም ትፈርሚያለሽ፤ አውቅሻለሁ።

አንዳርጋቸው ትናንት ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። አደይ ጣቶቿን ማንቀሳቀስ ጀምራለች። «ስለ እርግማኑ ይቅር በይኝ ብለው ይጻፉልኝ» አለኝ፤ ይኸው ጻፍሁ።

የአባቶቼ አምላክ ከንዳድ ከወባ ይሰውርሽ። በገባሽበት ሞገስ፣ በተናገርሽበት እውነት ይስጥሽ። እኔ ግን ይቅር ያልሁሽ እንዳይመስልሽ፤ የተፈታሁ ዕለት ነዪ፤ ፊት ለፊት አስቀምጬ ሳልቆጣሽ አልሞትም።

አባትሽ
መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ