ቡናው ሲንጣጣ

ሰኞ

ዛሬም ከሰለብኝ። ግማሽ ኪሎ የበንሳ ቡና፣ በደንብ የተለቀመ፣ ተመዝኖ የገባ። ደንቤ ግልጽ ነው፦ የመቁያ ማሽኔ በርሜል ስትግል ቡናውን አስገባለሁ፤ መንጣጣት ሲጀምር ሁለት ደቂቃ ቆጥሬ አወጣለሁ። ውስጧን የሚያሳይ መስታወት ስለሌላት በጆሮ ነው የሚሠራው። ይህኛው ግን ሳይንጣጣ ጠቆረ። ያለፈው ሳምንትም እንደዚሁ ነበር። ደብተሬ ላይ “ቡናው ከርሟል፣ እርጥበት የለውም” ብዬ ጻፍኩ።

ጡረታ ስወጣ ልጄ የገዛችልኝ መቁያ ናት። አራት ዓመት ስታገለግለኝ እንዲህ አስቸግራኝ አታውቅም። ገለፈቱን ጠረግሁ፣ የጭስ መውጫዋን በሽቦ አጸዳሁ። ወገቤን አሞኛል።

ማክሰኞ

ቱላ ገበያ ድረስ ሄጄ ሌላ ቡና አመጣሁ። ሻጩ የዘንድሮ ነው ብሎ ምሎልኛል። ስመለስ የባጃጁ ሹፌር አንድ ነገር ደጋግሞ ጠየቀኝ። ራሴን ነቀነቅሁለት። ከሰፈሬ አሳልፎ አወረደኝ፤ በእግሬ ተመለስኩ።

ቆላሁት። ይህም አልተንጣጣም። ጭሱ ሲበዛ አወጣሁት። ከሰል ነው። ባለቤቴ አበበች ምስር ከምትለቅምበት ቀና ብላ አየችኝና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ረቡዕ

አስቴር መጣች። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል አጠገብ ቡና አፍልታ የምትሸጥ የድሮ ተማሪዬ ናት፤ የምታፈላውን ቡና የምቆላላት እኔ ነኝ። ደንበኞቿ ስኒውን በግማሽ እየተዉ ይነሳሉ። “ቲቸር፣ አይቀየሙኝ፤ አንዱ ዓሣ አጥማጅማ ለጀልባው ሬንጅ ስጪኝ አለኝ።” እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ በምጣድ ራሷ እንደምትቆላ ነገረችኝ። ይህን ስትል አላየችኝም።

ምንም አይደለም አልኳት። ዋሸሁ። ከጡረታ ወዲህ ሰው ከእኔ የሚጠብቀው ሥራ ይህ ብቻ ነው።

ስትወጣ ደግሞ፣ “ማሽኑ ሲጮህ እኮ በር ላይ ይሰማል። ኩሽኔታው ሳያልቅ አልቀረም” አለች። አይጮህም አልኳት።

ሐሙስ

ፈታኋት። ብሎኖቹን እንደ አወጣጣቸው በቅደም ተከተል ጋዜጣ ላይ ደረደርኩ። ኩሽኔታው ግሪሱ ደርቆ ዝጓል። በእጅ ሲዞር እንኳ ይቆረቁራል። እንዲህ ያለ ብረት ሳይጮህ ሊሽከረከር አይችልም። እኔ ግን አንድም ቀን አልሰማሁትም።

አዲስ ኩሽኔታ ገዝቼ ገጠምኩ። ከሰዓት በኋላ እንደገና ስቆላ አበበችን አጠገቤ አስቀምጬ ሲንጣጣ ንገሪኝ አልኳት። “ይኸው እየተንጣጣ ነው እኮ” አለች። ጆሮዬን አስጠጋሁ። የሞተሩ ጉርምርምታ ብቻ።

እስከ ዛሬ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት። “አጥቁረህ ማውጣት የጀመርክ መስሎኝ ነዋ። አንተ በደብተር የምትሠራውን ማን ደፍሮ ያርማል?”

የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። የድምፅን ምዕራፍ በቃሌ ነበር የማስተምረው። ሲያረጁ ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ እንደሆነ አውቃለሁ። ቡናውን ከሰስኩ፣ ሻጩን ከሰስኩ።

ዓርብ

ጆሮ ሐኪም ዘንድ። ካርድ፣ ወረፋ፣ ሌላ ወረፋ። በመጨረሻ ጠባብ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ አጥልቀውልኝ፣ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን ተነገረኝ። የምትመረምረኝ ልጅ በመስታወት ማዶ ትታያለች። ድምፁን ስትልክ ትከሻዋ ነቅነቅ ሲል እጫናለሁ። እንዲህ እያደረግሁ ብዙ ከሄድኩ በኋላ ነው የገባኝ፦ እየኮረጅኩ ነው። በዚህ ጥፋት ስንቱን ከፈተና ክፍል አስወጥቻለሁ።

ወጥቼ ነገርኳት። ሳቀች። “አባባ፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ መጥቶ የተናዘዘ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።” ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሬ ድጋሚ ተፈተንኩ። አብዛኛው ዝምታ ነበር።

ሁለቱም ጆሮዎቼ ቀጭን ድምፅ አይለዩም። መስሚያ መሣሪያ ይረዳኝ እንደሆነ ለማየት ከሁለት ሳምንት በኋላ እመለሳለሁ። ደክሞኛል፤ ራት ሳልበላ ልተኛ ነው።

ቅዳሜ

አስቴር በጠዋት መጣች። ገና ሳትቀመጥ ነገርኳት፦ ቡናው ጥፋት የለበትም፣ የማልሰማው እኔ ነኝ። ነጠላዋን አስተካከለችና፣ “እንግዲያው ዛሬ ቁጭ ብዬ እኔ ልስማልዎት” አለች።

ቡናውን አስገባሁ። ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነበር። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ቀና ስል አስቴር አንድ ጣቷን ቀጥ አድርጋ እጇን አውጥታለች፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለች ተማሪ። “እሺ፣ አየሁሽ” እስክላት ድረስ አላወረደችም። ሁለት ደቂቃ ቆጠርኩ፤ አወጣሁት።

ቡናማ። ወጥ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት።

ሳይቀዘቅዝ ይዛው ሄደች። የምጣዱን ነገር አላነሳችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ሰኞ ማን እንደሚሰማልኝ ገና አላውቅም። ደብተሬን ከፍቼ “ዘጠኝ ደቂቃ” ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑ “በአስቴር ጆሮ” ብዬ ጨመርኩ።