ከክንዴ ጋር ያበጠው ልብ

ጥር 9፣ ጠዋት 12፡30

ዛሬ መርፌውን ግራ ዳሌዬ ላይ ወጋሁ። ቀኙ ካለፈው መርፌ ወዲህ ጠጥሮ ቀረ፤ ስቀመጥ ያመኛል። መወጋት ከጀመርሁ አራት ወር ሆነኝ። ክንዴ የሸሚዜን ስፌት ተረተረው፤ ደስ አለኝ። የጂም አሠልጣኛችን ያሬድ ይህ ጡንቻ የሚያሳብጥ ሆርሞን ጉዳት የለውም ይላል፤ ከየት እንደሚያመጣው ግን አይናገርም። ለሰውነት ግንባታው ውድድር ሦስት ሳምንት ቀረ። ልውጣ፤ የፋብሪካው ሰርቪስ ሊያመልጠኝ ነው።

ጥር 13

የፋብሪካው ነርስ የደም ግፊቴን ለካች። 170/110። መሣሪያው የተበላሸ መስሏት ደገመችው። ያው ነው። የምወስደው ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ፤ «ምንም የለም» አልሁ። ማስታወሻዬ፣ አንተ ታውቃለህ። ጡቴ ሥር እብጠት አለ፤ ሲነኩት ያማል። ለያሬድ ነገርሁት። ሳቀና ሌላ ክኒን ሰጠኝ። ዋጥሁት።

ጥር 18፣ ከሰዓት

አባቴ ለዐይናቸው ሕክምና ከደቅ ደሴት በጀልባ መጡ። ቄስ ናቸው፤ ሰባን አልፈዋል። ወደቡ ላይ ከረጢታቸውን ተቀበልሁ። አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ ልቤ ደረቴን ይደልቀው ጀመር። ትንፋሽ አጣሁ፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ከረጢቱን መልሰው ሊይዙ ሲሉ ጮህሁባቸው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። በዕድሜዬ ጮኼባቸው አላውቅም። ከረጢቱን አንሥተው ቀስ እያሉ ወጡ። እኔ ከኋላ።

ጥር 19

የዐይናቸውን ቀጠሮ ትተው እኔን የልብ ሐኪም ዘንድ አስገቡኝ። አልትራሳውንድ። የልቤ ጡንቻ ወፍሯል፤ ደም የመግፋት ዐቅሙ ደክሟል። ጉበቴም ተነክቷል። ሐኪሙ ምን እንደምወስድ ጠየቀኝ። አባቴን አየሁ። አባቴ ተነሡ።

«እኔ ደጅ ልሁን፤ አንተ ንገረው።»

«አይውጡ» አልሁ።

ሁሉንም ተናገርሁ፤ መርፌውን፣ ክኒኑን። ሐኪሙ የልቤ ጉዳት ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል አለ። ሰውነቴም የራሱን ሆርሞን ማምረት አቁሟል። መርፌውን ሳቆም ከባድ ድብርት ሊመጣ ስለሚችል ሳልደብቅ በየሳምንቱ እንድመጣ ነገረኝ። አባቴ እጄን እንደያዙ ነበር።

ጥር 21፣ 10 ሰዓት

ያሬድ ደጋግሞ ይደውላል። አሁን ካቆምህ ልፋትህን ውኃ በላው ይላል። ስሜን ከውድድሩ አስወጣሁ። እፈራለሁ። ግን አልወጋም። ፋብሪካው ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ቢኒያም ያንኑ መርፌ ትናንት መጀመሩን ሰማሁ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጂም ይገባል። የልቤን የምርመራ ውጤት ይዤ በር ላይ እጠብቀዋለሁ። ያሬድም እዚያው ነው። ይሁን። አባቴ ብቻህን አትሄድም ብለው ጋቢያቸውን እያጣፉ ነው።