ዝም ብላ ያለፈች ጀልባ

ከማላካ፣ ከወንዙ ዳር ቤትዎ
ሙአር ለሚገኙት ለባሌ እናት፣ ለእናቴ

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላህ። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? ዝናብ ሲበረታ እንደሚጠዘጥዝዎት ስለማውቅ፣ እዚህ ደመና ባየሁ ቁጥር ትዝ ይሉኛል። ልጅዎ ደህና ናት? የልጅ ልጆችዎስ? ትንሹ አሁንም ዓሣ ካልጎረሰ አልተኛም ይላል? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ። ከስታለች ቢሉዎት አይመኑ፤ ፀሐይ አጠቆረኝ እንጂ እንደ ድሮዬ ነኝ። ማንጎው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ ግማሹን የሌሊት ወፍ በላው።

ያለፉትን ደብዳቤዎቼን ያልመለሱልኝ ለምን እንደሆነ ሰምቻለሁ። ጎረቤታችን አክስት ካልሶም ከእርስዎ ዘንድ ስትመለስ «ምን አሉ?» እያልኩ ጨቀጨቅኳት። አልነግርሽም ስትል ቆይታ በመጨረሻ አወጣችው። «‹ልጄ ሬሳው ቤት ተኝቶ እየጨፈሩ ያለፉትን ጀልባዎች ሚስቱ ትነዳለች አሉ፣ እውነት ነው?› አሉኝ። ምን ልዋሽ? እውነት ነው አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ሻያቸውን አልነኩትም» አለችኝ።

እውነት ነው፣ እናቴ። በሰው አፍ ከሚሰሙት መጀመሪያ እኔው ልነግርዎ ይገባ ነበር።

ያንን ቀን አልረሳሁትም። ጀሚልን የትንኝ ትኩሳት በጥቂት ቀናት ውስጥ ነጥቆን፣ ሰሌኑ ላይ አስተኝተነው፣ ከሙቀቱ የተነሳ በወንዙ በኩል ያለውን መስኮት ከፍተን ነበር። የቱሪስት ጀልባዎቹ ሙዚቃቸውን እያንባረቁ ሲመጡ፣ አንዱ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ እጁን እያውለበለበ «ሄሎ!» አለን። አንዷ ልጅ ደግሞ ስልኳን አነጣጥራ ፎቶ አነሳችን። እርስዎ ተነስተው መስኮቱን ዘጉት። ያን ሁሉ ለቀስተኛ ይዘን በዚያ ሙቀት ተዘግተን ዋልን። ዱዓው እንዳለቀ ሻንጣዎን አዘጋጁና ሙአር ወደ ልጅዎ ሄዱ። እኔም ይቆዩ አላልኩዎትም።

ዒዳዬን፣ የሐዘን ወራቴን፣ ከጨረስኩ በኋላ ልብስ እየሰፋሁ ለመኖር ሞከርኩ። ዓይኔም አልቻለ፣ ኪሴም አልሞላ። ጀልባዎቹን የሚያሠሩት ሚስተር ኮህ የመንደሩን ሰው እንደሚቀጥሩ ስሰማ ሄድኩ። «ሴት ነጂ ኖሮን አያውቅም» አሉኝ። «እኔም ነድቼ አላውቅም፤ እኩል ነን» አልኳቸው። ሳቁና ከአንድ አሮጌ ነጂ ጋር አስቀመጡኝ።

የገባሁት ግን ለደመወዙ ብቻ አልነበረም። እነዚያ ወንበሮች ላይ የሚቀመጡት ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር። ልቤ ውስጥ ንዴት ነበረ። ካየኋቸው በኋላ ግን ንዴቴ የሚያርፍበት ሰው አጣ። አንዱ አሮጊት ሚስቱን ደግፎ ይገባል። አንዷ ልጇ ሲያስታውክባት ሻርፗን አውልቃ ታብሳለች። አንድ ቀን አንዲት ደግ ፊት ያላት ሴትዮ በመንደራችን በኩል ስናልፍ «እነዚህ ቤት ውስጥ ያሉት ሰዎች እዚያ ለመቀመጥ ይከፈላቸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ለማሾፍ አልነበረም፣ ከልቧ ነው። ለካ ሥዕል መስለናቸዋል! ጀልባው ላይ የሚያወራው የተቀዳ ድምፅ ስለ ሱልጣኖቹና ስለ ፖርቱጋሎቹ መድፍ ሲያወራ ቆይቶ እኛ ጋ ሲደርስ «ባህላዊ ቤቶች» ብሎ ያልፋል። ሰው ይኖርበታል፣ ይወለድበታል፣ ይሞትበታል የሚላቸው የለም።

አሁን ልነግርዎ የፈለግኩት ቶክ ሲዴቅ ስለሞቱ ዕለት ነው። ጎረቤታችን የነበሩት፣ ዶሮዎ ግቢያቸው በገባ ቁጥር የሚጮሁብዎት ሽማግሌ አረፉ። አላህ ይማራቸው። እኔ መታመማቸውን እንጂ ማረፋቸውን አልሰማሁም ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ወንዙ ላይ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ጀልባዬ ጢም ብላ ሞልታ፣ ሙዚቃው ጣሪያውን እያንቀጠቀጠ፣ ከድልድዩ ሥር ስወጣ ደረጃቸው ሥር የተከመረውን ጫማ አየሁ። ያን ያህል ጫማ በአንድ ደረጃ ሥር የሚከመረው ለምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

እጄ ከእኔ ቀድሞ ሙዚቃውን ዘጋው። ሞተሩን ዝቅ አደረግኩና ማይክራፎኑን አነሳሁ። እንግሊዝኛዬ የገበያ እንግሊዝኛ ነው። «እዚያ ቤት ሰው ሞቷል» አልኳቸው። «ስማቸው ሲዴቅ ነው። ቤቱን በእጃቸው ነው የሠሩት። ልጆቻቸው አሁን ውስጥ እያለቀሱ ነው። እባካችሁ ስልካችሁን ዝቅ አድርጉልኝ።»

ይስቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድም ሰው አልሳቀም። ከፊት የተቀመጡ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። አንዷ ሴት ሻርፗን ፀጉሯ ላይ ጣል አደረገች። ሲጮኹ የነበሩት ጎረምሶች ስልካቸውን ጭናቸው ሥር ከተቱ። ልክ በዚያ ሰዓት ጀናዛው ከቤት ወጣ፤ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ሲሉ ድምፃቸው በውሃው ላይ እስከ እኛ ጥርት ብሎ መጣ። ቃሬዛው ደረጃውን እስኪወርድ ጀልባዋን ያዝኳት። ከዚያ ቀስ ብለን አለፍን። ኩርባውን ስንዞር ነው ፊቴ በእንባ መራሱን ያወቅኩት። ለቶክ ሲዴቅ ብቻ አልነበረም። ለጀሚል ያላለቀስኩት ነበር፣ እናቴ።

ወደቡ ስደርስ አንድ ተሳፋሪ ለመዝናናት እንጂ ለቀብር አልመጣሁም ብሎ ከሰሰኝ። ሚስተር ኮህ ጠሩኝና «ሮሐያ፣ እኔ የምሸጠው ደስታ ነው፣ ለቅሶ አይደለም» አሉኝ። «የእርስዎ እናት ሬሳ ሲወጣስ ሙዚቃ ከፍተን እንለፍ?» አልኳቸው። ከሥራ የተባረርኩ መስሎኝ ነበር። አንገታቸውን አከኩና «አፍሽ ምላጭ ነው» ብለውኝ ሄዱ። በማግስቱ ነጂዎቹን ሁሉ ሰብስበው፣ መንደሩ ኩርባው ላይ ነጭ ጨርቅ በሰቀለ ቀን ሁሉም ጀልባ ሙዚቃውን ዘግቶ፣ ሞተሩን አብርዶ ያልፋል አሉ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያው ነው። በቀደም ለኢማሙ እህትም ተሰቅሎ ነበር፤ ጀልባዎቹ ሁሉ እንደ ጥላ አለፉ። አክስት ካልሶም ምን ትለኛለች መሰለዎት? «ለሞተ ሰው ዝም ማለታችሁ ጥሩ ነው፤ እኔ ከባሌ ጋር ስጣላ ግን ሙዚቃውን ከፍ አድርጊልኝ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።»

የቶክ ሲዴቅን ትልቁን ልጅ መሐዲን ያስታውሱታል? ከጀሚል ጋር ወንዙ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ያደገው፣ ጆሆር ሄዶ አናጢ የሆነው። ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል፤ አባቱን ሊያስታምም መጥቶ እዚሁ ቀረ። የቃሬዛውን ፊት ይዞ ሲወርድ ጀልባዋን አይቷል። በሳምንቱ ወደቡ ድረስ መጣና አንድ ፌስታል የማንጎስቲን ፍሬ እጄ ላይ አስቀመጠ። «አባቴ ንጉሥ ሆኖ ሄደ» አለኝና ጃንጥላውን ረስቶ ሄደ። ጃንጥላውን ሊወስድ ቤት ሲመጣ የበረንዳችን ደረጃ መበስበሱን አየ። በማግስቱ እንጨት ይዞ መጣ። ቀጥሎ የኩሽናውን ጣሪያ ደፈነ። የድካምህን ልስጥህ ስለው «የጀሚል እናት ቤት አይደለም እንዴ? ስንት ቀን አብልተውኛል» ብሎ ተቆጣኝ። አክስት ካልሶም ከሌለች ግቢውን አይረግጥም፤ ስትኖርም ደረጃው ላይ ነው የሚቀመጠው። ዝምተኛ ነው። ሲስቅ ግን እስከ ማዶ ይሰማል። ስለ እሱ ብዙ ጻፍኩ መሰለኝ።

እናቴ፣ ከጁምዓ በኋላ ከመንደራችን ሽማግሌዎች ሙአር ይመጣሉ። ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ ለጋብቻ ጥያቄ የሚቀርበውን ሲሪ ቅጠል በነሐስ ትሪ ይዘዋል። ወላጆቼ በሕይወት እንደሌሉ ያውቃሉና «ወደ ማን እንሂድልሽ?» አሉኝ። ሙአር አልኳቸው። ደነገጡ። «ወደ ጀሚል እናት? ምን ብለን?» አሉ። «ሌላ እናት የት አለኝ?» አልኳቸው። ከዚያ የሚመጡበትን ቀን ቆረጡልኝ።

ትሪውን ቢቀበሉም ቢመልሱም አልቀየምም። ቢመልሱ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ መሐዲም እንደዚሁ ብሏል። ብቻ እንዳይርባቸው፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ከመካከላቸው ሐጂ ዙልኪፍሊ ጆሮአቸው ከብዷልና እሺም ቢሉ እምቢም ቢሉ ጮክ ብለው ይንገሯቸው።

አላህ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ዱዓዎ ውስጥ አይርሱኝ። ጀሚልን ጀነት ያውርሰው፤ እኔ በሰላቴ ስሙን ሳላነሳ የቀረሁበት ቀን የለም፣ ወደፊትም አይኖርም።

ማንም ቢመጣ ማንም ቢሄድ፣
ምራትዎ