የተፋቀው ቡናማ ጫማ

እህት ዓለም፣

ሻዩ ፔርሙዝ ውስጥ አለ። ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ባልዲውን ድፊው።

ካልጋሽ ስር ስጠርግ የዚያን ቡናማ ጫማሽን ካርቶን አገኘሁ። የጠፋብኝ የእግር መፋቂያ ድንጋይም ቡናማ ቀለም ጠጥቶ ውስጡ ተቀምጧል።

የስፌት መኪና እስክንገዛ ልባሽ ጫማ ብቻ ነው ተባብለን አልነበር? እኔ የማላውቀው ሰው ያጣመመው ጫማ እየጠበበኝ ሳነክስ፣ አንቺ አዲሱን ፍቀሽ፣ አሮጌ አስመስለሽ፣ «ልባሽ ተራ ነው ያገኘሁት» አልሽኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ «ዓይኗ ሲመርጥ!» እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁልሽ።

አዲስ መግዛትሽ አይደለም የቆረቆረኝ።
ቁጭ ብለሽ፣ እኔን እያሰብሽ መፋቅሽ ነው።

አክስቴ ጋ ነኝ፣ አትደውዪ። የወጣሁት በነጠላ ጫማ ነው። ልባሹን በሩ ስር ትቼልሻለሁ፤ እሱ መፋቅ አያስፈልገውም።