እንደ መስቀል ሰንጋ የደለቡት ጥንቸሎች

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ወጋየሁ፣
አሰብ

እንደምን ከርመሃል ጋሼ? ጤናህስ? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ከወደቡ ጆንያ ጋር ትታገላለህ? ሙቀቱስ በረድ አለላችሁ? እትዬ ተናኘ እንዴት ናት፣ ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ። ባለቤቴ እስጢፋኖስም ፋብሪካውን አላስታጎለም፣ ልጄ ማሚቴም ትምህርት ጀምራለች። ደህና ነን ብዬ ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። አባባ ይተኙበት የነበረው መደብ ባዶውን ቁጭ ብሎ እያየሁት ምን ደህንነት አለ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አንብቤ ስጨርስ እዚያው በር ላይ ተቀመጥሁ። አባቴን የጥንቸል ሎሌ አድርጋችሁ ገደላችሁት፣ ከእንግዲህ የቤታችሁን ደጃፍ አልረግጥም ብለሃል። ቴሌግራሙ የደረሰህ ከቀብር በኋላ ነው፤ የገዛ አባትን አፈር ሳያለብሱ መቅረት እንዴት እንደሚያንገበግብ አጥቼው አይደለም። ግን ጋሼ፣ እኔስ ልጃቸው አይደለሁም? እኔስ አባት አልሞተብኝም? እስቲ ተቆጥተህም ቢሆን እስከ መጨረሻው አንብበኝ። ነገሩ አንተ እንዳሰብኸው አይደለም። ጭራሽ ውሸት ነው ብዬም አልምልልህም።

እማማ ካረፈች ወዲህ አባባ አገር ቤት ብቻቸውን እንደነበሩ ታውቃለህ። አምና ኅዳር ላይ መንደር ምስረታ መጣና ያ ቤታችን ፈረሰ፤ በሬያቸውን ሸጠው፣ ጋቢያቸውን ደርበው እኔ ጋ ላፍቶ መጡ። ከኛ አገር ሰው ለመስቀል ሰንጋ ማድለብ የማያውቅ ባይኖርም የአባባ እጅ ግን ልዩ ነበር። ከራስጌያቸው አስረው፣ እያጎረሱ፣ ጀርባውን እያሻሹ፣ እንደ ሰው እያዋሩ ነበር የሚያደልቡት። እኔን አንድ ቀን እንዲህ አጉርሶኝ አያውቅም እያልህ በበሬው ትቀና አልነበር? እዚህ ሲመጡ ታዲያ ያ እጅ ሥራ ፈታ። ጧት ወጥተው ደጃፍ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣሉ፣ መንገደኛ ያያሉ፣ ሲሰለቻቸው ገብተው ይተኛሉ። ምግብ ሲቀርብላቸው ያልሠራ ሰው ምን ይበላል እያሉ ይመልሱታል። ዓይኔ እያየ ያልቁ ነበር።

ጥር ላይ ቀበሌው ስብሰባ ጠራን። ኢታና የሚባል የእንስሳት እርባታ ባለሙያ መጥቶ ጥንቸል ቶሎ ትራባለች፣ ሆቴሎችም ይገዙናል እያለ አስረዳን። ሰው ሳቀ፣ ሴቱ ሁሉ አማተበ። ለሚፈልግ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ይሰጣል ሲባል እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስለ አባባ እጅ ነበር የማስበው። የንስሐ አባታችንን ብጠይቅ ማርባቱ ኃጢአት የለውም፣ ድስትሽ ውስጥ ብቻ እንዳይገባ አሉኝ። ጎረቤቴ አረጋሽ የወላይታ ልጅ፣ ጴንጤ ናት፤ እናንተ አርቡ እንጂ መብላቱን ለኔ ተዉት ብላ ሳቀችብኝ።

አባባ ጥንቸሎቹን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ያን የመሰለ ሰንጋ አሳድጌ በስተርጅናዬ ለአይጥ ሣር ልጨድ አሉ።  ሳምንትም ሳይቆይ አንድ ጧት ብወጣ፣ ጎንበስ ብለው አንዷን ፉርሽካ ያጎርሷታል። ሲያዩኝ ደንገጥ ብለው ርቧት እኮ ነው አሉኝ።

ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻላቸው! ከዘይት መጭመቂያው ፋጉሎ፣ ከወፍጮ ቤት ፉርሽካ፣ ከጠላ ቤት አተላ እየለመኑ ያመጣሉ። ቀጄላ የሚባል የላፍቶ ገበሬ ወዳጅ አበጁ፤ እሱ ጉራጊኛ አይሰማ፣ እሳቸው ኦሮምኛ አይሰሙ፣ ስለ ከብት ሲያወሩ ግን ውለው አይጠግቡም። ሣሩን በሸክም የሚያመጣላቸው እሱ ነበር። አንተ ለወጥ ብለህ የላክኸውን የአሰብ ጨው እንኳ እኩሌታውን ለጥንቸል አስላሱብኝ። ሴቶቹን ብርድ እንዳይነካቸው ብለው ከመደባቸው አጠገብ በሣጥን አስተኟቸው። ምግብ መመለሱ ቀረ። ከመሶቡ ዙሪያ እንደ ድሯቸው ተቀምጠው የአንተን የልጅነት ተንኮል እያነሡ ይስቁ ጀመር።

ሁለቱ ሴት ጥንቸሎች ልክ እንደ መስቀል ሰንጋ ደለቡ፣ አንገታቸው ሁሉ ጠፋ። ሰፈርተኛው እየመጣ ያያቸው ነበር። አረጋሽ ብቅ ስትል አባባ ያንቺ ዓይን ይጎመጃል፣ ዞር በይ እያሉ ያባርሯታል። መውለድ ግን የለም። ወንዱን ያገናኟቸዋል፣ ወር ይጠብቃሉ፣ ምንም። እንደገና ያገናኟቸዋል፣ አሁንም ምንም።

ግንቦት ላይ ኢታና ሊጎበኝ መጣና ገና ሲያያቸው ራሱን ያዘ። አባቴ፣ እነዚህ እኮ የሚታረዱ ሳይሆኑ የሚወልዱ ናቸው፣ በስብ የታፈነ ሆድ ፅንስ አይዝም አላቸው። ፋጉሎውን ተዉት፣ አተላውን ጭራሽ አታሳዩአቸው፣ ፉርሽካ ጥቂት ብቻ፣ ሣርና ድርቆሽ እንደ ልብ፣ ጨውም ለመላስ ያህል ብሎ አዘዘ። የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተን ጣል እንድናደርግላቸው መከረን፤ ከቦርሳው የቫይታሚን ዱቄት አውጥቶም ከውኃቸው ጋር ቁንጥር ቁንጥር እያደረግን እንድንሰጥ ነገረን። በትሕትና ነበር የተናገረው፣ አላዋረዳቸውም። አባባ ግን እሱ ከወጣ በኋላ በኔ እጅ ከብት ከስቶ አያውቅም፣ በሽምግልናዬ ንፉግ ልታደርጉኝ ነው አሉኝ። ያም ሆኖ ታዘዙ። የቀረውን ፋጉሎ ለቀጄላ ላም ሰጥተው ድርቆሽ መቁረጥ ጀመሩ።

አሁን የምነግርህን እኔም የተረዳሁት ዘግይቶ ነው። አገር ቤት በሬያቸው ጠግቦ ሳይተኛ እህል እንደማይቀምሱ አንተም ታውቃለህ። ጥንቸሎቹ ይክሱ ሲባል እሳቸውም አብረው ምግብ ቀነሱ። ምሳቸውን ለማሚቴ ያጎርሷታል፣ ማታ ጠግቤአለሁ ይላሉ። ሰኔ ነበርና የሐዋርያት ጾም ነው አልን። ሐምሌ ሲሆን ብርዱ ፍላጎታቸውን ዘጋው አልን። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታን አጠበቁ አልን። ሽማግሌ ሰው ሲጾም ማን ይጠረጥራል ጋሼ? ከጋቢው ሥር ምን እንደቀረ አላየንም። በፍልሰታ መጀመሪያ ሳል ጥሏቸው ሾርባ ይዤ ብለምናቸው፣ እነሱ ድርቆሽ እያኘኩ እኔ ሾርባ ልጠጣ? አሉኝ።  አባባ፣ እነሱ እኮ አልራባቸውም፣ ለጤናቸው ነው ብዬ ጉልበታቸውን ይዤ ለመንኋቸው። እሳቸው ግን ጠባቂው ሲጠግብ ከብቱ ያውቅበታል፣ ይቀየማል አሉኝ።

እንዲህ ስንጨቃጨቅ አንዷ ወለደች። የደረቷን ጸጉር ነጭታ አንጥፋ፣ ቀያይ ልጆቿን እዚያ ውስጥ ሸሽጋ ተገኘች። ኢታና መጥቶ አሁን ታጠባለችና ምግብ ይጨመርላት፣ ፉርሽካውም ቅርፊቱም ይብዛላት አለ። አባባ ይህን ሲሰሙ ተደግፈው ተነሡ። በእጃቸው አጎረሷት፤ ከዚያ ወደኔ ዞረው በይ አሁን ለኔም አምጪልኝ አሉ። ጋሼ፣ ደስታዬን ብታየው! ሮጬ ሾርባ አሙቄ፣ እንጀራ ፈትፍቼ አቀረብሁ። ከጥቂት ጉርሻ በላይ አልወርድ አላቸው። ሲፈቅዱ ሆዳቸው እምቢ አለ። እስጢፋኖስ በታክሲ ሐኪም ቤት ወስዷቸው የሳንባ ምች ነው፣ አቅማቸውም አልቋል ተባልን። ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ አረፉ።

የተቀበሩት ብስራተ ገብርኤል ነው። ያን ቀን ዝናቡ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ነበር፣ ሰው ግን አልቀረም። ቀጄላ ቃሬዛውን ለማንም አልለቅም ብሎ በጭቃ ተሸከማቸው። አረጋሽ ከኔ ብሳ ደረቷን መታች። እኔ ገና ከል ለብሼ ሳለሁ ለመስከረም ሁለት ሰልፍ ውጡ ተባልንና ወጣሁ። መስቀልም አለፈ፤ ከቤታችን አገር ቤት የሄደ ሰው የለም። ግልገሎቹ ጥንቸሎች አድገዋል፣ የሆቴል ሰዎች ሊገዙ መጥተው ነበር። ሌላ ቀን ኑ ብዬ መለስኋቸው። ጧት ጧት ድርቆሽ ስሰጣቸው አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

እንግዲህ ጥንቸል ገደላቸው ካልህ አልከራከርህም። ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጡ ቢቀሩ ግን ፋሲካንም አያዩም ነበር፤ ይህን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። የሰማንያ ቀን ተዝካራቸው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ይውላል። የይለፍ ወረቀቱን ከአሁኑ ጠይቅ። ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶ ደራሽ ልጃቸው የታለ ሲለኝ ምን ልበል? መጥተህ ስደበኝ፣ ከፈለግህም ምታኝ፣ ብቻ ና። አባት አጥቼ ወንድም ልጣ?

እስጢፋኖስ ከልቡ ሰላም ይልሃል፤ ቃልህ ቢያምመውም አልተቀየመህም። ማሚቴ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ጉንጭህን ትስማለች። አረጋሽ እግዚአብሔር ያጽናህ ብላሃለች። ቀጄላ አይቶህ ባያውቅም የወዳጄ ልጅ እያለ ይጠይቅሃል። ለእትዬ ተናኘና ለልጆቹ ናፍቆቴን አድርስልኝ።

የአባባም ሰላምታ አለህ። ጥንቸሏ በወለደች ቀን፣ ያችኑ ጥቂት ጉርሻ ቀምሰው ትራሳቸውን ካስደገፍኋቸው በኋላ ነው የላኩህ። ለወጋየሁ ጻፊለት፣ አባትህ ሥራ ይዟል በይው አሉኝ።

እህትህ ጸሐይወርቅ
ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት ፬ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.