ቀይ መድኃኒት የቀባኋት ጫጩት

ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ ወረቀት አላባክንም፤ ደህና መሆንህን ካየህ ሰው ሰምቻለሁ። እኛም አለን። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስለቅሰኛል፣ ሜዳ ላይ ይምረኛል። እህትህ ያው እንደምታውቃት ናት፤ ሬዲዮ ብለህ ያወጣህላት ስም እስካሁን አልለቀቃትም።

ይህን የምጽፍልህ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ተደላድዬ መቀመጥ ካቃተኝ ሰነበተ። ሁለት መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ ክፍልህን ከፍቼ ጫጩቶቹን አያለሁ፣ ስመለስ የት ላይ እንዳቆምኩ ይጠፋኛል። ነገሩ ቢዘበራረቅብህ ቻለኝ። በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝም። ስልክ ላይ ስናወራ ሚስትህ ሁልጊዜ አጠገቤ ናት፤ አንተም ሰላምታው ሳያልቅ መስመሩ ተቆራረጠ ትላለህ።

የጫጩቶቹን ጩኸት በስልክ ሰምተኸው ይሆናል። የሚስትህ ሐሳብ ናቸው። እጄን አጣጥፌ ከምጠብቀው አንድ ነገር ልሥራ አለችኝና ክፍላችሁን ባዶ አደረገችው። አልጋውን አቁመን ግድግዳ አስደገፍነው። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ አነጠፈች፣ በካርቶን ክብ አጥር ሠራች፣ መሃሉ ላይ ለሙቀት አምፖል አንጠለጠለችና ገና የተፈለፈሉ ጫጩቶች አምጥታ አስገባች። እሷ ወለሉ ላይ ከእነሱ አጠገብ ፍራሽ ዘርግታ ትተኛለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ "ሙሽራዋ ክፍሏን ለዶሮ አስረከበች" ብላ መንደሩን አስቃበታለች። እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄ ነበር፣ ምን እደብቅሃለሁ።

ጉዱ የመጣው ላባ ማብቀል ሲጀምሩ ነው። አንድ ጠዋት ስገባ አንዷ ጥግ ይዛ ተኮራምታለች። ከጭራዋ ከፍ ብሎ ያለው ቆዳዋ ተልጦ ደም አዝሏል። ሌሎቹ እየተጋፉ ይመጡና ያችኑ ቦታ ይነቁሯታል። ልጄ፣ ክፉዎች እንዳይመስሉህ። እያንዳንዷ መጥታ አንዴ ብቻ ነካ አድርጋት ነው የምትሄደው፤ ግን ሁሉም እዚያችው ቁስል ላይ ነው።

ሚስትህ መኖ ልትገዛ ወጥታለች። ምን ላድርግ? አነሣኋትና ለብ ባለ ውሃ አጠብኳት። ልጅ ሳለህ በወደቅህ ቁጥር ጉልበትህን የምቀባህ ቀይ መድኃኒት አለ አይደል፣ እሱን ፈልጌ ሳልሰስት ቀባኋት። ከዚያ አንጀቴ ቅቤ ጠጥቶ ወደ ጓደኞቿ መለስኳት።

ቀዩን እንዳዩ ክፍሉ ሙሉ ተነሥቶ ሰፈረባት። እጄን ባስገባ እጄን ነቆሩኝ። እንደ እብድ "እሽ! እሽ!" እያልኩ ስጮኽ ሚስትህ ደረሰች፣ ከረጢቱን በሩ ላይ ጥላ በሁለት እጇ አፈሰቻት።

"እማማ፣ ምን ቀብተዋት ነው?"

"መድኃኒት ነዋ።"

"ቀይ ካዩ አይለቁም እኮ" አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙን ጠራችው። ትንሽ ሰውዬ ነው፣ ሳቅ አያውቅም። እንደገባ ሙቀቱን በእጁ ዳሰሰና ጥፋቱን ሁሉ ለእኛ ሰጠን፦ ቦታው ጠቧቸዋል፣ አምፖሉ ዝቅ ብሎ ያቃጥላቸዋል፣ መመገቢያው ስለማይበቃ ይጋፋሉ፣ የሚጫወቱበት ነገር ስለሌለ እርስ በርስ ይጫወታሉ። አጥሩን አስፉ፣ ጎመን አንጠልጥሉላቸው አለ። የቆሰለችውን ሐምራዊ መድኃኒት ቀባትና በሽቦ ወንፊት ከልሎ እዚያው አስቀመጣት። ከዓይናቸው ካራቅናት ስትመለስ ባዕድ ትሆንባቸዋለች አለን። መጨረሻ ላይ ደግሞ አምፖሉን አውጡና ቀይ አምፖል አድርጉ አይለን መሰለህ።

"ቀዩን አሁን ኮነንከው፣ መልሰህ ደግሞ ቀይ ትለኛለህ?" አልኩት።

"ሁሉም ነገር ከቀላ ደሙ ተለይቶ አይታያቸውም" አለኝ።

ለአምፖሉ ብለን ነው ያን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጓደኛህን የጠራነው። ካላችሁበት አገር ለዕረፍት መምጣቱን እህትህ ቀድማ አውጃ ነበር። ደስ ብሎት መጣ። እሱ መሰላል ላይ ወጣ፣ እኔ ከሥር ያዝኩለት። ሽቦውን እየፈታ ያወራኝ ጀመር። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ለካ እንኳን ደስ አለዎት አላልኩም። ልጅቷ መራመድ ጀምራለች። ግንባሯ ቁርጥ እርስዎን።"

"የማን ልጅ?" አልኩት።

ወደ ታች አየኝ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። "ያወቃችሁ መስሎኝ" አለ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ሽቦው መለሰ። እንዳትቆጣው፤ የሱ ጥፋት አይደለም። ይህን ደብዳቤም የሚያደርስልህ እሱ ነው፣ እባክህ በመልካም ተቀበለው።

የልጅ ልጅ ማግኘቴን የሰማሁት እንደዚህ ነው፣ መሰላል ይዤ። ደስ አላለኝም ብዬ አልዋሽህም። ደስ ብሎኛል። ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ደስታዬ ነው። እልል የምልበትን ነገር በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ ደብቄ ይዤ እዞራለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው መቀመጥ ያቃተኝ። ምግብ አቅርቤ እነሳለሁ። ልብስ ማጠብ ጀምሬ እተወዋለሁ። ሚስትህ ስትስቅ ፊቴን አዞራለሁ፣ ዝም ስትል ደግሞ አወቀች እንዴ ብዬ ዓይን ዓይኗን አያለሁ።

ሰዉስ መች ይተዋታል። እሑድ ዕለት እህትህና ልብስ ሰፊዋ አብረው መጡ። ሚስትህ ለጫጩቶቹ ጎመን እየከተፈች ነበር። እህትህ ገና ሳትቀመጥ "ወንድሜ ደወለ?" አለቻት። ይደውላል አለች። ልብስ ሰፊዋ ቀጠለች፣ "የመሄጃ ወረቀትሽ እስካሁን አላለቀም? የእህቴ ልጅ እኮ ካንቺ ኋላ ጀምራ ሄደች።" ገና ነው አለች። እህትህ ደግሞ "ከስተሻል፣ ሲያይሽ እንዳይደነግጥ" አለቻት፣ ለመቀለድ ብላ። ቢላው ሲቆም አየሁት። የመጣ ሁሉ የሚጠይቃት እነዚህኑ ነው። ወድደዋት እንጂ ጠልተዋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ያን ጠዋት ክፍላችሁ ውስጥ ያየሁትን ሳሎኔ ውስጥ አየሁት፤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

"የኔ እመቤት" አልኳት ልብስ ሰፊዋን፣ "ያ ቀሚሴ እንዴት ሆነ? ወይስ አንቺው እየለበስሽው ነው?" ጨርቁን ከሰጠኋት ዘመን ሆኖታል። ወዲያው ሥራ እንዳለባት ትዝ አላትና ሄደች። እህትህንም ሸኝቼ በሩን ዘጋሁ። ግን እስከ መቼ በር እዘጋለሁ?

ለሚስትህ ብነግራት እኔም እነሱ በነቆሩበት ልነቁራት ነው። ዝም ብል ደግሞ ወጣትነቷ በራፌ ላይ እያለቀ ነው። በሠርጋችሁ ማግስት ነው ማለት ይቻላል የሄድከው፤ እስካሁን በሩ በተንኳኳ ቁጥር ፀጉሯን ታስተካክላለች። ወረቀት ያነሣሁት ለዚህ ነው። ራስህ ንገራት ልልህ ነው። መስመሩ ተቆረጠ ሳትል፣ ጓደኛዬ አሳስቶኝ ነው ሳትል፣ በገዛ አፍህ ንገራት። ከሌላ ሰው ከሰማችው ግን

ቆይ፣ ጫጩቶቹ ተንጫጩ። ልያቸውና ልመለስ።

ተመለስኩ።

ምንም አልሆኑም። ሚስትህ የዳነችዋን ጫጩት ከሌላ አንዲት ጋር አድርጋ እየመለሰቻት ነበር፤ ብቻዋን መመለስ የለባትም ተብለናል። ቁጢጥ ብላ ታያቸዋለች። መጥተው ከበቧት፣ አንዷ ጫፍ ጫፏን ነካ አደረገቻትና ወደ ጎመኑ ሄደች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። እኔ እፎይ ብዬ ልመለስ ስል፣

"ለልጅዎ ነው የሚጽፉት?" አለችኝ።

"አዎ። ሰላምታ አለሽ?"

ሰጋቱራውን በእጇ ታስተካክላለች።

"ልጅቷን ሳምልኝ ይበሉት።"

"የቷን ልጅ?" አልኩ፣ እንደ ሞኝ።

"መራመድ የጀመረችውን።"

ለካ ያን ቀን አምፖሉን ይዛ በሩ ላይ ነበረች። ሁሉን ሰምታለች። "መሰላሉ ሲንቀጠቀጥ አየሁ" አለችኝ። "ማወቄን ካወቁ ይታመማሉ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።" እኔ ለሷ ስል አንገቴን ደፍቼ ስዞር፣ እሷ ለኔ ስትል ትስቅ ኖራለች። አንድ ገበታ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ አንድ ነገር ይዘን፣ አንዳችን ሌላችንን ስንጠብቅ ሰነበትን።

"ታዲያ ለምን አልሄድሽም?" አልኳት።

"ወዴት? እርስዎን ለማን ጥዬ?" አለችና አለቀሰች። አብሬያት ሰጋቱራው ላይ ተቀመጥኩ። መነሣት ሲያቅተኝ መልሳ ያነሣችኝም እሷ ናት።

እንግዲህ ራስህ ንገራት ያልኩህ ቀርቷል። አሁን የምለምንህ ሌላ ነው። ደውልና አትጠብቂኝ በላት። አውቃዋለች ብለህ አትለፈው። ከአንተ አፍ ካልሰማች በር ሲንኳኳ ፀጉሯን ማስተካከሏን አትተውም። የፍቺውን ወረቀትም ፈርመህ ላክላት። ከዚህ ቤት ትሂድ ማለቴ እንዳይመስልህ፤ ብትቀርም ብትሄድም በራሷ ፈቃድ ይሁን ብዬ ነው። ክፍሉ የሷ ነው። አልጋውን ዛሬ ቦታው እንመልሰዋለን፣ ጫጩቶቹ ወደ ጓሮ ክፍል ይዛወራሉ። አንተ ስትመጣ ሳሎን እናነጥፍልሃለን።

ሕፃኗን ፈጣሪ ያሳድግልህ። እግሯ ይጽና፣ መንገዷ ይቅና። ለእናቷም ጤና ይስጥልኝ፤ በሷ ቂም የለኝም። የሕፃኗን ፎቶ ላክልኝ። ግድግዳ ላይ እንድሰቅለው ሚስትህ ፈቅዳልኛለች።

እናትህ፣
የእሷም እናት